የሾፌሩ ወንበር

ባሌ መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት አልሞተም። ይህንን ለፖሊስ ተናግሬያለሁ፣ ለዘመድ ተናግሬያለሁ፣ ለቅሶ ለመጣው ሁሉ ተናግሬያለሁ። «አይዞሽ፣ ሐዘን ነው» እያሉ ውሃ ያቀብሉኛል። ውሃ ጠጥቼ ጠጥቼ ሆዴ ተነፋ እንጂ የሰማኝ የለም።

ሰውየው እኮ ቤቱ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ የማይሆንለት ነበር። ድመት ጣራ ላይ ስትራመድ «ማነው?» የሚል ሰው ድንጋይ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ያንቀላፋል?

የሆነውን እኔ አውቃለሁ፤ ዋርሳዬም ያውቃል። ዋርሳዬ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ጋራዡ የሁለቱ ነበር፤ እሱ የተማረው፣ ባሌ ሾፌሩ። ዋርሳዬ አንድ ሳጥን ሠራ። ከባድ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ጭነቱንና ፍጥነቱን እያየ ፍሬኑን በራሱ የሚይዝ ሳጥን ነው። መጀመሪያ የተሞከረው ባሌ መኪና ላይ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ባሌ ጫማውን እያሰረ፣ «ይሄ ሳጥንህ ፍሬኑን ከእግሬ ይነጥቀኛል። እኔ እረግጣለሁ፣ እሱ ይለቃል። ፍታልኝ» አለው። ዋርሳዬም፣ «የዛሬን ብቻ ሂድበት፣ ማታ እፈታዋለሁ» አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ማታ የሚፈታ ነገር አልነበረም፤ መኪናውም ባሌም ገደል ገብተው ነበር።

ለፖሊስ «እንቅልፍ ነው» ያለው ዋርሳዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም። ጥዬ እንዳልሄድ ደግሞ እንጀራዬ እዚያው ነው፤ ከጋራዡ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል የመኪና ወንበር እሰፋለሁ። ልጄም ካደገ በኋላ እዚያው ሾፌር ሆነ። እንዲህ ፊት ለፊት እየተያየን ስንት ዓመት ኖርን።

ዘንድሮ ጋራዡ ሊዘጋ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ጦሩ ለጭነት መኪና የሚሆን አዲስ ፈጠራ ላላቸው ሰዎች ገንዘብ ይሰጣል ተባለ። ዕቃው ገበያ ላይ ይሸጣል፣ ጦሩም ለራሱ መኪኖች ይወስዳል። ዋርሳዬ ሳጥኑን ይዞ አመለከተ። ማመልከቻው፣ በሙከራ ላይ አደጋ ደርሶ ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል አሉ። ምን ብሎ እንደመለሰ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። የጦሩ መኮንኖች ቤተሰብ ሊያነጋግሩ ስለሚችሉ ነው የመጣው።

«እትዬ፣ ከጠየቁሽ እንቅልፍ ነው በይ።»

«አንተው በል። ለምደኸዋል።»

አልተቆጣም። በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሳጥኑን አስተካክሎታል። ገንዘቡ ከመጣ ጋራዡ ይተርፋል፣ ልጄ ቋሚ ደሞዝ ያገኛል፣ ስንቱ ሾፌር ከሞት ይድናል። ደግ ደጉን ነው የሚያወራው። እንደዚያ ባይሆንማ፣ የለየለት ክፉ ሰው ቢሆን ጠልቼው ባረፍኩ። ዋናውን የነገረኝ ሊወጣ ሲል ነው። መኪናውን መኮንኖቹ ፊት ቁልቁለቱን ይዞ የሚወርደው ልጄ ነው።

ልጄን እንዳይነዳው ለመንኩት። ሳቀብኝ። አጎቱ ሳጥኑን ደጋግሞ ፈትሾታል፣ እኔ ደግሞ ደረጃ ስወርድ እንኳ ግድግዳ የምይዝ ፈሪ ነኝ። «እማዬ፣ አንቺ እኮ የልጅ ጋሪም ላይ ፍሬን ትፈልጊያለሽ» አለኝ።

በሳምንቱ ለሙከራው ቀን የሚሆን የሾፌር ወንበር አመጡልኝ፤ አዲስ ልብስ አልብሽው ተባልኩ። የድሮውን ቆዳ ስገሽልጠው የራሴ ስፌት ወጣ። ስፖንጁ በግራ በኩል ጎድጉዷል። ባሌ ወደ መስኮቱ አጋድሎ ነበር የሚቀመጠው፤ «አንተ ነህ ወይስ መንገዱ የተጣመመው?» እያልኩ አበሽቀው ነበር። የተገለበጠው መኪና ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጥ ወንበሩ ደህና ስለሆነ ዋርሳዬ አስቀርቶት ኖሯል። መዳፌን ጉድጓዱ ላይ አሳረፍኩት። ሞቃት ነበር። ፀሐይ ነው አልኩ። ክፍሌ ግን ፀሐይ አይገባትም።

ስፌት ጀመርኩ። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ነው፤ ልማዴ ቀስ፣ እኩል አድርጌ መርገጥ ነው። መርገጫው ከእግሬ ሥር ወደ ታች ሸሸ። ጥብቅ ብሎ ወረደ፣ ተለቀቀ፣ ደግሞ ወረደ። እግሬን አነሳሁ። መርገጫው ብቻውን ቀጠለ፤ ረገጥ፣ ረገጥ፣ ረገጥ፤ ጭንቅ የያዘው ሰው እግር። ከውጭ ልጄ ጎማ እያስተካከለ ያፏጫል፤ የጠራራ ቀን ነው። ወደ መርገጫው ዝቅ ብዬ «ሰማሁህ» አልኩት። ቆመ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ያው ውሃ ነው የሚያቀብሉኝ።

የሙከራው ዕለት ድንጋይ የጫነው መኪና ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆመ። መኮንኖቹ ድንኳን ጥላ ሥር ወንበር ተደርጎላቸዋል። ዋርሳዬ ሲያስረዳ፣ ልጄ ቁልፉን እያሽከረከረ ወደ ጋቢናው ሲራመድ አየሁ። አባቱ የሚራመደውን ነው የሚራመደው። ቀደምኩት። ቁልፉን ከእጁ መንጭቄ ጋቢናው ላይ ወጣሁ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አታዋርጂኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«አጎትህን ጥራ።»

ዋርሳዬ እየሳቀ መጣ፤ ለሰው የሚስቀውን ሳቅ። ውረጂ አለኝ፣ ሙጭጭ አልኩ። ኮሎኔሉ ከጥላው ተነስተው ማን እንደሆንኩ ጠየቁ።

«ተኝቶ ነበር የተባለው ሾፌር ሚስት ነኝ ጌታዬ። የሠራው ሰው ይንዳውና እኔም አብሬው ልውረድ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።»

ኮሎኔሉ ዋርሳዬን አዩት። «ክፉ ሐሳብ አይደለም። መንጃ ፈቃድ አለህ አይደል?»

ፈቃዱ አለው፤ ጋቢናው ላይ ወጣ። እዚያ የባሌ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሰውነቱ ሳያስበው ወደ ግራ አጋደለ። ቁልፉን ሰጠሁት። ሞተሩ ተነሳ። እጁን የእጅ ፍሬኑ ላይ አደረገ፤ አልለቀቀውም። ከፊታችን መንገዱ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል።

ያን ጊዜ የቀኝ እግሩ ጀመረ። መኪናው ቆሟል፣ እሱ ግን ፍሬን ይረግጣል። ረገጥ፣ ረገጥ፣ ረገጥ። እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ሊያነሳው ሞከረ፤ አልተነሳም። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ዝቅ ብዬ ሳይ የእኔም እግር ባዶውን ወለል እየረገጠ ነው። ጋቢናው ውስጥ የባሌ የአንገት ልብስ ሽታ ነበር።

«እትዬ፣ ውረጂ» አለ። ድምፁ የልጅነቱ ድምፅ ነበር፤ እኔ ስዳር ያሰማው የነበረው። «እባክሽ ውረጂ።»

«አንተ ሳትወርድ?»

እግሩን ደግሞ ሊያነሳ ታገለ። እግሩ መርገጡን አልተወም።

«አልተኛም ነበር» አለ በመጨረሻ።

«እኔማ አውቃለሁ። ለእነሱ ንገር።»

ሞተሩን አጠፋ። ያን ጊዜ ነው እግሩ የተለቀቀው። ወርዶ ኮሎኔሉ ፊት ቆመና ልጄም እየሰማ ተናገረ፤ ያ ጠዋት፣ ጫማው፣ «የዛሬን ብቻ ሂድበት» ያለው። ሳጥኑ አሁንም ፍሬኑን ይለቅ እንደሆነ ጠየቁት። አላውቅም አለ። መኮንኖቹ ወረቀታቸውን ሰብስበው ሄዱ። የጦሩ ገንዘብም አብሯቸው ሄደ፤ ጋራዡም እንግዲህ የሚሆነውን ይሆናል።

ልጄ መኪናው ጎን እንደ ግንድ ቆሞ ቀርቷል። ቺያቬ አምጣ አልኩት። የወንበሩን አራቱንም ቡሎን ራሴ ፈታሁ፤ የመጨረሻው አስቸገረኝና የጣቴን አንጓ ላጠው። ወንበሩን አውርደን ግራና ቀኝ ይዘን በእግር ወደ ቤት መጣን። ሲደክመን መንገድ ዳር እናሳርፈዋለን። አንድ ጊዜ ልጄ ሳያስብ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ አስቀመጠው። ብድግ ብዬ ወደ ዳገቱ አዞርኩት።