ለደራሲው ለቅሶ መቶ ሰው

ዳይሬክተሩ ረምዚ ቃል የገባልኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ "ሸሓታ፣ ለለቅሶው መቶ ሰው ካመጣህ የሟች ወንድም ሆነህ ትተውናለህ። አንድ ዓረፍተ ነገርም ትናገራለህ።"

ፊልሙ በሰፈራችን ተከራይቶ ስለኖረው ስለ ትልቁ ደራሲ ስለ ዋጊህ ሸናዊ ነው። ሰውየው ከሞተ ሃያ ዓመቱ። መጽሐፉን አላነበብኩም፤ ግማሹን ታሪክ ለሱ የነገርኩት እኔ እንደሆንኩ ግን ካይሮ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም።

በቀጠሮው ቀን አሥራ አንድ ሰው ብቻ መጣልኝ፤ ዘጠኙ የአክስቴ ልጆች። ስለዚህ የለቅሶውን ድንኳን መንገድ ላይ አስተከልኩና ቁርኣን የሚቀራ ሼኽ ከነድምፅ ማጉያው አስቀመጥኩ። በኛ ሰፈር ይህን ሰምቶ የሚያልፍ ወንድ የለም። ሟቹን ባያውቅ እንኳ ገብቶ የቤተሰቡን እጅ ሳይጨብጥ ቢሄድ ምሳው አይወርድለትም። ዓሣ ሻጩ ገባ፣ ፖሊሱ ገባ። አውቶቡስ ከነተሳፋሪው ገባ ብልስ ማን ይመሰክርብኛል?

እኔ እንደ ሟች ወንድም በር ላይ ቆሜ እጅ እጨብጣለሁ። የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ በረካት መጡ።

"ማነው የሞተው?"

"ደራሲው ዋጊህ፣ ሐጂ።"

"ድሮ ሞቶ አልነበረም እንዴ?"

"እርስዎ ደግሞ ጋዜጣ ያምናሉ!"

ካሜራውን ያዩት ይኼኔ ነው። "ለቅሶ ላይ ካሜራ? ነውረኞች!" ብለው ሻላቸውን ጣሉበት። ቀረጻው ተበላሸ።

"እንደገና!" አለ ረምዚ። ሰዉ ግን አጽናንቶ ጨርሷል፤ እየተነሳ ሄደ። አንድን ሐዘንተኛ ሁለቴ ማን ያጽናናል? ሌላ ሐዘንተኛ ያስፈልጋል። የረምዚን ሹፌር ዐሹርን ከመኪናው ጎትቼ በር ላይ አቆምኩት፣ ካሜራውን ከድንኳኑ ጨርቅ ጀርባ ደበቅን፣ የአክስቴን ልጆች "ሌላው ወንድሙ ከአስዋን አሁን ገባ፤ አይዞህ ያለው የለም!" እያሉ ሰፈሩን እንዲዞሩ ላክኋቸው።

ሰዉ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ሐጂ በረካት ዐሹርን አቅፈው አልለቅ አሉ። ሠላሳኛው ሰው ላይ ሲደርስ ዐሹር ከምሩ ማልቀስ ጀመረ።

"ምን ሆንክ አንተ?" አልኩት በጆሮው።

"ወንድሜ ሲሞት ሊቢያ፣ ቤንጋዚ ነበርኩ፣ ሸሓታ። እጄን የጨበጠኝ ሰው አልነበረም።"

ቀረጻው ሲያልቅ ረምዚ ዓይኑን እየጠረገ መጣ። "ወንድምየው እሱ ነው" አለኝ።

"የኔ ዓረፍተ ነገርስ?"

"እሱ ተናገራት እኮ።"

ሄጄ የዐሹርን እጅ ጨበጥኩና "አላህ ያጽናህ" አልኩት። ካሜራው ገና እየቀረጸ ኖሮ ጀርባዬ ፊልሙ ላይ አለ።