በአፍንጫዋ የምትቆም የውኃ ተርብ

ቴሁን እናቱ ኮረብታው ላይ የቀርከሃ ቡቃያ ሲነቅሉ ተንሸራትተው ነው የሞቱት ይላል። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ዩንጃ ደግሞ፣ «በዚህ ወቅት የምን ቡቃያ? መጋዝ ነበር የያዙት» ትላለች።

የቴሁን ሚስት ሊየን ሁለቱንም እየሰማች ለለቀስተኛው የበሬ ሾርባ ትቀዳለች። አማቷ ማልሱን ትናንት ጠዋት «ገበታውን አንሺ» ብለው ነበር የወጡት። ዛሬ በነጭ አበባ መሐል ፎቶ ሆነዋል። እንባ አልመጣላትም፤ ጆሮዋ ብቻ ይጮኻል።

«አታለቅስም፣ አያችሁ?» አለች የቴሁን ታላቅ እህት ጉምሱክ፣ ያንሾካሾከች መስሏት። «የባዕድ ልጅ!»

«እትዬ፣ ሾርባ ልጨምርልሽ?» አለች ሊየን።

ከቬትናም ወደ ኮርያዋ ዳምያንግ ተድራ መጥታ እንደወለደች፣ አባቷ ይሠሩላት እንደነበረው ያለ የቀርከሃ የውኃ ተርብ ለልጇ ሠርታ ነበር። ክንፏን ዘርግታ በአፍንጫዋ ብቻ ጣት ላይ የምትቆም። በማግስቱ ስብርባሪዋን ከማልሱን መቀመጫ ሥር አገኘችው። አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ አገሯ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዩንጃ ሕፃናት አስከትላ ገባች። ለፎቶው ሁለት ጊዜ ሰገዱ። የፊት ጥርሷ የወለቀ አሪን የምትባል ልጅ የያዘችውን ካርቶን ፎቶው ፊት ከሚበራው ሻማ አጠገብ አስቀመጠች። የቀርከሃ የውኃ ተርቦች ሞልተውበታል።

«ይሄ... ከየት መጣ?» አለች ሊየን።

«የቬትናም ነው!» አለች አሪን። «ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ ማልሱን በቤተ መጻሕፍቱ የሌላ አገር መጫወቻ ያሠሩናል። የሞንጎልያውን ጨረስን። ይቺ ግን እንቢ አለች፤ ትወድቃለች።»

«የምራቴ ተርብ ትቆም ነበር፤ አሠራሯን ልይ ብዬ ፈታትቼ መልሼ መግጠም አቃተኝ ይሉ ነበር» አለች ዩንጃ። «ታዲያ ለምን አይጠይቋትም ስላቸው፣ በምን ፊቴ አሉኝ። ትናንት ሌላ ዓይነት ቀርከሃ ልሞክር ብለው ነው የወጡት።»

ሊየን ጭልፋውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አንዷን ተርብ አነሣች። ማልሱን በክር የሚበር የወረቀት ካይት ሠሪ ልጅ ነበሩ፤ እጃቸው ቀርከሃ ማቅለል እንጂ ማክበድ አያውቅም። ክንፏን ፍቀው ፍቀው ወረቀት አሳክለዋታል። የክንፏ ጫፍ ካልከበደ ደግሞ አትቆምም።

ሊየን ተነሥታ የፎቶውን ሻማ አዘነበለችና ሰሙን በሁለቱ ክንፎች ጫፍ ላይ አንጠባጠበች።

«ምን እያደረግሽ ነው? የእማዬ ሻማ እኮ ነው!» ጉምሱክ ጮኸች። «ቴሁን፣ ዝም ትላለህ? ይሄ ኮተት ከቀብር መልስ እንደ ልማዱ ከእማዬ ልብስ ጋር ይቃጠላል!»



ሊየን ሰሙ እስኪረጋ እፍ አለችበት። የተርቧን አፍንጫ በፎቶው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ተርቧ ተወዛወዘች፤ ቆመች።

«አይቃጠልም፣ እትዬ» አለች ሊየን፤ እንባዋ ገና አሁን መጣ። «ቅዳሜ የማስተምራቸው እኔ ነኝ።»