እሁድ እሁድ የሚረጥብ ፀጉር

ባሌ ዳልሱ የፕሮስቴት ካንሰሩን ካስወጣ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሯል። ሰው ሁሉ «ዳነ» ይለኝ ነበር። እኔም «አዎ፣ ዳነ» እል ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙ ሽንቱን መቆጣጠር ሊያቅተው፣ ወንድነቱም ላይመለስ እንደሚችል ነግሮታል። «በዚህ ዕድሜዬ ምን ላደርገው?» ብሎ ሳቀ። ሐኪሙም ሳቀ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።

ከሆስፒታል እንደተመለሰ ፍራሹን ጠቅልሎ ልጃችን ሶራ ሳታገባ ትተኛበት ወደነበረው ክፍል ገባ። «ስነሳ ስተኛ እንቅልፍ እነሳሻለሁ» አለኝ። ካልሲ አጥቦ የማያውቀው ሰውዬ ልብሱን በድብቅ ማጠብ ጀመረ። ዳይፐሩን በጥቁር ፌስታል ቋጥሮ ራሱ ይጥላል። እጄ ትከሻው ላይ ሲያርፍ «ተይ፣ ምን አለኝ ብለሽ ነው» ይላል። እኔ የፈለግሁት እንደ ድሮው አጠገቤ እንዲተኛ ነበር።

እሁድ ጠዋት ግን የመታጠቢያ ዘንቢሉን ይዞ ይወጣል፤ ፀጉሩ ረጥቦ ይመለሳል። የሰፈራችን ወንዶች እሁድ በሕዝብ መታጠቢያ ቤት ራቁታቸውን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ጀርባ ይፈትጋል። ከጓደኞቹ ካልራቀ ይሻለዋል እያልኩ እጽናና ነበር።

ለኪምቺ፣ በበርበሬ ለምናቦካው ጎመን፣ የሚሆን ጥቅል ጎመን ልገዛ ገበያ ወርጄ ጓደኛውን ፒልዶን አገኘሁት።

«እትዬ፣ ጋሼን የት ደበቅሽው? ጀርባዬን የሚፈትግልኝ አጥቼ ቅርፊት አወጣሁ እኮ!»

«እሁድ እሁድ አብራችሁ አይደላችሁ እንዴ?»

«ኧረ ከታመመ ወዲህ አልረገጠም። ወይስ ውሽማ አበጅቶ እሷ ታጥበዋለች?»

«ያገኘችው ካለች እዚያው ታስቀረው» ብዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ እሁድ ስለነበር ተከተልኩት። ወደቡ ላይ፣ የዓሣ ሣጥን ከሚታጠብበት ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብሎ ፀጉሩን አረጠበ። ኅዳር ነው፤ ውርጭ ነው። ከዚያ የተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ወደ ቤት የሚመለስበት ሰዓት እስኪደርስ ጠበቀ። ሳያየኝ ተመለስኩ።

የዚያን ዕለት ማታ ውሃ አሞቅሁ። «የሶራ አባት፣ ና ጀርባህን ልፈትግልህ» አልኩት።

ብዙ ቆይቶ፣ ወገቡ ላይ ፎጣ ታጥቆ መጣ። ጀርባው ከስቷል። እየፈተግሁት አንገቱን ሳምኩት። አልሸሸኝም፤ እንዲያውም ወደ እኔ ዘንበል አለ። ወዲያው ሽንቱ አመለጠው። ፎጣውን አልፎ እግሬ ድረስ ፈሰሰ።

«ምንም አይደል፣ ውሃ ነው» አልኩት።

«ውጪ።»

«ሚስትህ እኮ ነኝ።»

«አንቺማ ሚስቴ ነሽ። ባል ያልሆንኩት እኔ ነኝ። በእናትሽ ውጪልኝ።»

ከዚያ ወዲያ በሩን ከውስጥ መቆለፍ ጀመረ። ዳግመኛ አልነካሁትም። ሰኔ ላይ ልቡ ቀጥ ስትል በሩን የሰበረው ፒልዶ ነው።

በእኛ ወግ አስከሬን ሲታጠብ ቤተሰብ ቆሞ ያያል። ከሶራ ጋር ቆምን። የቀብር ቤቱ ሠራተኞች ገላውን ሳይገልጡ፣ እጃቸውን ከአንሶላው ሥር እያስገቡ አጠቡት። አንደኛው አዘነልኝ መሰለኝ፣ «እማማ፣ ከፈለጉ እርስዎም ያግዙን» ብሎ የአንሶላውን ጫፍ ከፍ አደረገልኝ።

እጄን ዘርግቼ ነበር። መልሼ ሰበሰብኩት።

«ይሸፈን» አልኩት። «ያፍራል።»