ማንም የማይጠብቀን አገር

ልጄ ሰብስቤ ይህን ታሪክ ለሰው ሲያወራ «ሶሲ ፈተናውን ወደቀች» ብሎ ይጀምራል። ውሸቱን ነው። የወደቅሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እኔው ልጻፈው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ለዚህ ይበቃል።

ሶሲ የሰብስቤ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ አዳማ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ ልብስ ጥራቱን አይታ ወደ ውጭ የምታሳልፍ ሠራተኛ ናት። አራት ዓመት ሙሉ የረባ ፈቃድ ሳትወጣ ከርማ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስልኳን ከፍታ አየርላንድ የሚባል አገር አሳየችን። አረንጓዴ ነው፤ በግም ሞልቶበታል። ከአየር ማረፊያው መኪና ተከራይታ አሥራ ሁለት ቀን ልትዞር አስባለች። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሌሊት ብቻ ነው ማደሪያው የሚታወቀው። በመሀል ያለው ክፍት ነው፤ ቦታው ደስ ካላት ትቆያለች፣ ካላስደሰታት ትሄዳለች፣ ሲመሽ ያገኘችው ቤት ታድራለች።

«የማን ቤት?» አልኋት።

«የማላውቀው ሰው ቤት።»

«ቤርጎ በያ።»

«ቤርጎ አይደለም እቴቴ። ባልና ሚስት የሚኖሩበት ቤት ነው። ትርፍ ክፍላቸውን ያከራያሉ፤ ጠዋት እንቁላል ጠብሰው ያበላሉ።»

ሳያውቋት ለምን እንቁላል እንደሚጠብሱላት አልገባኝም። አሁንም በደንብ አልገባኝም።

መጀመሪያ የምትሄደው ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ከኢሕሳን ጋር ነበር። የኢሕሳን የሠርግ ቀን በዚያው ወር ተቆረጠና ቀረች። ሶሲ ብቻዬን እሄዳለሁ ስትል ሰብስቤ ጠረጴዛውን ለቆ ተነሣ። ሶሲ ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት ከቤት የምትወጣ ልጅ አይደለችም፤ እሱም ይህን ያውቃል። ሁለት ቀን ተኳርፈው ሰነበቱና በመጨረሻ ሰብስቤ አንድ ነገር አመጣ። በራሷ ቪትዝ ከአዳማ ሻሸመኔ ደርሳ በሦስት ቀን ትመለስ፤ ማደሪያ ቀድማ አትያዝ፤ ዘመድም ወዳጅም ቤት አትደር። ከቻለች ይመርቃታል። አንድ ሌሊት የሚያውቃት ሰው ቤት ካደረች ግን ወሬው አለቀ። እኔ ምስክር ሆኜ አብሬ እሄዳለሁ።

ምስክር ያደረገኝ ስለሚያውቀኝ ነው። ባጃጅ በፊታችን ባለፈ ቁጥር የማማትብ ሰው ነኝ፤ ገና ሞጆ ሳንደርስ እንደማስመልሳት እርግጠኛ ነበር።

እኔ ግን የባሰ ነገር ሠራሁ። ሐሙስ ጠዋት ሶሲ ሥራ እንደሄደች የስልክ ቁጥር የጻፍሁበትን ደብተሬን አውጥቼ መቂ አቶ ኪዳነወልድ ጋ ደወልሁ፤ ዝዋይ ሳፊያ ጋ ደወልሁ። ቅዳሜ እንደምናልፍ ነገርኋቸው፤ እንደ ድንገት ሁኑ፣ መደወሌን እንዳትናገሩ ብዬም አደራ አልሁ።

ይህን ለምን እንዳደረግሁ ልናገር። ባለቤቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ሚሌ አካባቢ መሪ እንደያዘ ነው የሞተው። በአጠገቡ ስሙን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ እስከ ሦስተኛው ቀን አልሰማንም፤ እኔ ሦስቱንም ቀን ወጡን እያሞቅሁ ጠበቅሁት። ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ሰው ከወጣ፣ በሚያልፍበት ከተማ ሁሉ ስሙን የሚያውቅ ሰው ካላዘጋጀሁ እንቅልፍ የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ሶሲ ፈጣን መንገዱን ትታ በአሮጌው፣ በከተሞቹ መሀል ነዳች። እኔ «ቀስ» እላለሁ፤ እሷ «እሺ» ትላለች፤ ፍጥነቷን ግን አትቀንስም፤ ለካ ያኔም ቀስ ብላ ነበር የምትነዳው።

መቂ መግቢያ ላይ አቶ ኪዳነወልድ ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ዘርግቶ አስፋልቱ መሀል ቆሟል። ከባለቤቴ ጋር የነዳ ሰው ነው፤ መኪና አይፈራም። ሶሲ ፍሬን ያዘች። እሱም በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ አጋጣሚ ነው፣ እንዲሁ ነፋስ ልቀበል ወጥቼ ነው አለ። ደጁ ላይ ግን የዚያኑ ቀን የተገፈፈ የበግ ቆዳ ተወጥሯል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልለቀቀንም። ሶሲ ትበላለች፤ አንዴ ቆዳውን ታያለች፣ አንዴ እኔን ታያለች።

ዝዋይ ስንደርስ፣ አሁን ባቱ ነው የሚሏት፣ ሳፊያ የልጇን ባጃጅ በመንገዱ ጠርዝ አቁማ ውስጡ ተቀምጣለች። አዳማ ሳለን ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። ቤቷ ገባን። ዶሮ ቀረበ። እኔ ገና እጄን ሳልሰድ ሳፊያ፣ አይዞሽ ዘውዴ፣ ያንቺ ነገር ጠፍቶኝ ነው እንዴ፣ በክርስቲያን ጎረቤቴ እጅ ነው ያስባረክሁት፣ ከአርብ ጀምሮ ስለምነው ነበር አለች።

ሶሲ እንጀራውን አስቀመጠች። «እትዬ ሳፊያ፣ መምጣታችንን መቼ ሰሙ?»

«ሐሙስ ነዋ የኔ ልጅ፤ ዘውዴ ስትደውል» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሶሲ እንጀራውን መልሳ አነሣች፤ ዶሮውን በላች፤ ሳፊያን አመሰገነች። ለእኔ ሲባል በሰው እጅ የተባረከ ዶሮ በልቶ ሌላ ቦታ አድራለሁ ማለት አይቻልም። እዚያው አደርን። የሰብስቤ ውል በዚያው ፈረሰ።

በማግስቱ መኪናው ውስጥ ገብተን ሶሲ ቁልፉን ሳታዞር ተቀመጠች። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋለች።

«እቴቴ፣ የፈራሽው መንገዱን ነው ወይስ እኔን?»

መንገዱን አልኋት።

«መንገዱን ከሆነ እኔ እነዳልሻለሁ። እኔን ከሆነ ግን ንገሪኝና አሁኑኑ እንመለስ።»

ይህች ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ «ለምን አበላሸሽብኝ» አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁና አጠፋሁት። ደብተሬንም ጨምሬ ከኋላ ወንበር ላይ ወረወርሁት።

«ወደፊት ንጂ» አልኋት።

«ፈተናውን ወድቀናል እኮ።»

«ንጂ አልሁሽ።»

ቡልቡላን አለፍን። ላንጋኖ ጋ ወርዳ ውሃውን አየች፤ ደስ ስላላት ብዙ ተቀመጥን። ለካ ክፍት ነው ያለችው ይህን ነው። ከዚያ ዝናብ ጀመረ። አንድ ኢሱዙ ፊት ለፊት ከባድ መኪና ሊቀድም የእኛን መስመር ይዞ መጣ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጠው መኪናችን ከአስፋልቱ ወጥታ ሣር ላይ ቆማለች፤ ሶሲ የአደጋ መብራቷን አብርታ፣ በመስታወት ኋላዋን እያየች ነው።

አርሲ ነገሌ «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ አየንና ገባን። እኔ በሕይወቴ ቤርጎ አድሬ አላውቅም፤ አንሶላውን ሦስት ጊዜ ገልጬ አየሁት። ንጹሕ ነበር። ጠዋት የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ እኔን የምታክል ሴት፣ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ብላ ጨጨብሳ ይዛልን መጣች። አላዘዝንም። ስሜንም፣ የማን እናት እንደሆንሁም አልጠየቀችኝም። ጨጨብሳውን ቀምሼ ቀና ስል፣ ቅቤ አነሰሽ ብላ ጨመረችልኝ። ሶሲ ከጨጨብሳው በላይ እኔን እያየች ትስቅ ነበር።

ሻሸመኔ ደርሰን፣ ድንችና ካሮት ገዝተን፣ ሰኞ ከመምሸቱ በፊት አዳማ ገባን።

ሰብስቤ በር ላይ ቆሟል። ምሳ ሳይበሉ ሄዱብኝ ብላ ሳፊያ ደውላ ስሞታ ነግራዋለች። ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ። «እህ፣ ሶሲዬ፣ ወሬው አለቀ አይደል?»

ሶሲ ቁልፏን ይዛ ወደ ጓዳ ልትገባ ነበር። እጇን ያዝሁ።

«የደወልሁት እኔ ነኝ» አልሁት። «እሷ አላወቀችም። ትናንት ነገሌ ማንም በማያውቀን ቤት አድረናል፤ ዝናብ ነበር፣ እብድ ኢሱዙም ነበር። እኔ ዓይኔን ስጨፍን እሷ አልጨፈነችም። ምስክርህ እኔ ነኝ፤ ምስክርነቴ ይኸው ነው።»

«እማዬ፣ ውል ውል ነው። ደግሞ ባሕር ማዶ ነው፤ ብቻዋን። አባቴን ረሳሽው?»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ውስጤ ቆረጠ። «አባትህን ማስፈራሪያ አታድርገው። የእኔን ፍርሃት አንተ አትጠቀምበትም፤ የራሴ ነው። ደግሞ ብቻዋን ማን አለህ? አብሬያት እሄዳለሁ።»

ሰብስቤ ሳቀ። ሲስቅ ቆይቶ እኔ እንደማልስቅ ሲያይ ተወ። በግራ እኮ ነው የሚነዱት አለኝ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ቢሆንም ቃሌን አላጠፍሁም። አንተም መርቃት፣ ካልመረቅሃትም እኔ እመርቃታለሁ፤ አንተንም የመረቅሁህ እኔ ነኝ አልሁት። ሰብስቤም በእልህ፣ በጥርሱ መሀል፣ ሂዱ፣ እግዚአብሔር ይከተላችሁ አለ። እንዲያም ሆኖ ምርቃት ነው፤ ሶሲ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች።

ማክሰኞ ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶ ተነሣሁ። ሶሲም የቪዛውን ቅጽ ከአሁኑ አይተን እንወቀው ብላ ጎኔ ተቀምጣ ታነብልኛለች። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ማደሪያ። በዚያ አገር የምታውቁት ሰው አለ ወይ የሚል ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«የለም በይ» አልኋት። እሷም «የለም» ብላ ጻፈች።

ቀጥሎ ያለው፣ አደጋ ቢደርስ ማን ይጠራ የሚል ነበር። እንደ ልማዷ የእኔን ስልክ ልትሞላ ስትል ብዕሯን ያዝሁባት።

«ሰብስቤን ጻፊ። እስቲ እሱም አሥራ ሁለት ቀን ስልክ ይጠብቅ።»