የኬላፒሌ ስም ሲበራ

«ራ ፑሶ ሳቀብኝ እኮ ነው የምላችሁ!» አለ ኦቴንግ፣ የባርኔጣውን አቧራ በሩ ላይ እያራገፈ። «‹ወንድሜ ሞቷል፣ ቅዳሜ ነው የምንቀብረው› ስለው ከት ብሎ ሳቀ። ‹ሂድና ለኬላፒሌ ንገረው፤ ለእንዲህ ያለ ቀልድ አርጅተናል በለው› አለኝ።»

ሰጋሜትሲ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። ባሏ ኬላፒሌ ከሞተ ጀምሮ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ እግሯን ዘርግታ እዚያው ናት። ባል የሞተባት ሴት ቀብሩ እስኪያልፍ ከፍራሿ አትነሳም፤ ለመታጠብ እንኳ ሰው ደግፎ ነው የሚያወጣት። ጠባቂዋ የሟች ታላቅ እህት እማ ዲኬሌዲ ናት። እሷ ደግሞ የእሾህ አጥር ማለት ናት፤ አታልፊም ካለች አታልፊም።

«ምኑ ነው ያሳቀው?» አለች እማ ዲኬሌዲ።

«ማክሰኞ ማታ ጠርቶኛል ይላል። ‹ስሙ ሬዲዮዬ ላይ ሲበራ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ቃል ሳይተነፍስ ጠፋ፤ አኩርፎኝ ይሆናል› ነው የሚለው። የሞተው ማክሰኞ ጠዋት አይደለም እንዴ?»

ሊያስተዛዝኑ የመጡት ሴቶች ተያዩ። አንዷ «ወይ ጉዴ! መንፈሱ ነዋ!» ብላ የነከሰችውን በዘይት የተጠበሰ ማግዊኛ ዳቦ ወደ ሳህኑ መለሰችው።

ሰጋሜትሲ አውራ ጣቷን በመዳፏ ውስጥ ደበቀች። መንፈስ አልነበረም። እሷ ነበረች።

ኬላፒሌና ራ ፑሶ በወጣትነታቸው አንድ ቀን ተፈትነው የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያወጡ ጓደኛሞች ናቸው። ፑሶ ከሜዳው ማዶ፣ ስልክ በማይደርስበት የከብት ሰፈር ይኖራል። ፀሐይ ስትጠልቅ ኬላፒሌ የውሃ ታንከሩ መቆሚያ ላይ ይወጣል፤ ከዚያማ ወሬ ነው። በመሃል ማማ የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ ቀጥታ።

ሁለቱን ዲጂታል ሬዲዮዎች ገዝቶ ያመጣው ኬላፒሌ ነው። ፑሶ ግን ገና ከጅምሩ ጠላቸው።

«የድሮው ይንሿሿ ነበር» አለ። «ከመንሿሿቱ ምን ያህል እንደራቅህ አውቅ ነበር። ይኼ ግን ወይ አጠገቤ ተቀምጠሃል፣ ወይ ጭራሽ የለህም!»

«አንተ ሽማግሌ፣ ስሜን ይጽፍልሃል እኮ! ቁልፉን ስጫን ያንተው ላይ ‹ኬላፒሌ› ብሎ ይበራል። እስክለቀው አይጠፋም።»

ቤት ውስጥ ሁለት ቃል የማይወጣው ሰው ሬዲዮ ሲይዝ ወንዝ ነበር። ሲያበዛው መሣሪያው ራሱ ጢጥ ብሎ ይቆርጠዋል። እሱ ምን ገዶት! ጣቱን አንስቶ መልሶ ይጫንና «እና ምን እያልኩህ ነበር…» ይላል። ሰጋሜትሲ ከማድቤት ሆና ትበግናለች። «ለላም ወሬ ምላስ አለው፤ ለእኔ ሲሆን ዱዳ!»

የሞተ ዕለት ማታ ሊያስታጥቧት ወደ ጓሮ ሲያወጧት ሬዲዮው ታንከሩ ሥር ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። «ኬላፒሌ፣ ኬላፒሌ፣ አለህ ወይ?» ይላል ፑሶ። ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ እጇን ሰደደችና ቁልፉን ተጫነችው። ድምጿ ግን እምቢ አለ። ለቀቀችው። እማ ዲኬሌዲ ኋላ አግኝታ አጠፋችው፤ የሟች ዕቃ እስኪነጻ አይነካምና ቅርጫቷ ውስጥ ከተተችው።

«ሌላ ሰው ይላክ» አለ አንዱ ከውጭ።

«ማንም ቢሄድ አያምንም» አለች ሰጋሜትሲ። «ስሙን አይቷል። እማ ዲኬሌዲ፣ ሬዲዮውን ስጪኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ማክሰኞ የተጫንኩት እኔ ነኝ። የማስተካክለውም እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እማ ዲኬሌዲ ዞሩ።

«የሟች ዕቃ ነክተሽ?» አለች እማ ዲኬሌዲ። «ደግሞ አሁን ልትነሺ? እኔ ቁጭ ብዬ እያየሁሽ?»

«ዓይንሽን ጨፍኚ። እኔ እንደሆነ ለቅሶው ሲያበቃ በወጉ ታጥቤ መንጻቴ አይቀር፣ ይኼም አብሮ ይታጠባል። ፑሶ ሳይኖር ወንድምሽን አፈር ብታለብሺው ግን ያ በደል በምን ይታጠባል?»

ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቋ ነበር። መልስ አልጠበቀችም። ቅርጫቱን ጎተተችና ሬዲዮውን አወጣች፤ ብርድ ልብሷን እየጎተተች በድስቶቹና እንጨት በሚፈልጡት ወንዶች መሃል አለፈች። ወንዶቹ መጥረቢያቸውን አንስተው ቀሩ። ባገሩ ሕግ ከፍራሿ መነሳት አይገባትም፤ በሬዲዮ ሕግ ደግሞ ፈቃድ የላትም። ሁለቱንም ባንድ መንገድ ጥሳ መቆሚያው ላይ ወጣችና ሬዲዮውን አበራችው። ቁልፉን ተጫነች። ዛሬም ቃል አልወጣ አላት። ለቀቀችው።

«ኬላፒሌ! አንተ ውሻ! ሞቻለሁ ብለህ ወንድምህን ትልክብኛለህ?»

ፑሶ ትከሻዋ ሥር የቆመ ያህል ነበር። ደስታው አንጀቷን በላው።

«ራ ፑሶ፣ እኔ ነኝ፣ ሰጋሜትሲ። ማክሰኞም እኔው ነበርኩ። እሱ የለም።»

ጣቷን አነሳች። የድሮው ቢሆን ይንሿሿ ነበር። ይኼ ምንም። ሬዲዮውን አገላብጣ አየችው፣ ከተሰበሩት የቆርቆሮ ባልዲዎች እስከ ኮረብታው ድረስ አየች፣ እግሯን አቀያየረች፤ ምንም።

ኋላ ላይ «ዛሬ ምን ቀቀልሽ?» አለ።

«ምን?»

«ወሬው የሚጀምረው ባንቺ ነበር። ‹ሰጋሜትሲ ዛሬ ባቄላ ቀቀለች፣ ሰጋሜትሲ ዛሬ ተቆጥታለች፣ ስትቆጣ ደግሞ እንዴት እንደምታምር› ሳይል ወደ ላም አይሄድም።» ድምፁ ተቆረጠ፤ ተመልሶ መጣ። «ነገ እመጣለሁ።»

አርብ የሬሳ ሳጥኑ ቤት ገባ። ከኋላው ፑሶ በአህያ ጋሪ ደረሰ፣ አቧራ ለብሶ፣ ሬዲዮው ወገቡ ላይ። ማንንም ሳይጨብጥ ከፍራሹ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጓሮ ውስጥ ይዘመራል። ሰጋሜትሲ አንዴ ብርድ ልብሱን ትገፋለች፣ አንዴ ትስበዋለች፤ እጇ ማረፊያ አጣ።

ፀሐይዋ መስኮቱን ለቃ ስትወርድ ፑሶ ሬዲዮውን ፈታ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ቀነሰና ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ወለሉ ላይ አቆመው። ሰጋሜትሲ ወደ እማ ዲኬሌዲ ዞረች። እማ ዲኬሌዲ ሳጥኑን አየች፣ ፑሶን አየች። ከዚያ በገዛ እጇ የኬላፒሌን ሬዲዮ ከቅርጫቱ አውጥታ፣ አብርታ የሰጋሜትሲ ጭን ላይ አኖረችው።

ሰጋሜትሲ ተጫነች። የፑሶ ሬዲዮ ላይ «ኬላፒሌ» ብሎ በራ።

ስሙ እንደበራ፣ ጣቷ ነጭ እስኪሆን ያዘችው። ኋላ መሣሪያው ብዙ እንደተወራበት ሁሉ ራሱ ጢጥ ብሎ ቆረጠ፤ ስሙም ጠፋ።

ጣቷን አነሳች። መልሳ ተጫነችው።