ተስፋ በየበሩ

ሰሌዳ ጻፊው ያን ቃል ስንት በር ላይ እንደጻፈው እግዜር ይወቀው። ተስፋ ዳቦ ቤት፣ ተስፋ ጎሚስታ፣ ተስፋ የጥርስ ሕክምና። ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ ተስፋ የሬሳ ሣጥን መሸጫ አለ፤ ምን ዓይነት ተስፋ እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁት። የሚገርመው፣ ደንበኛ ሁሉ ስሙን ራሱ የፈጠረው ይመስለዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንድ ስም አስቤያለሁ፤ ለሰው እንዳታወራብኝ" ይላል። ሰሌዳ ጻፊውም "ኧረ በጭራሽ!" ይለዋል።

በኋላ ቃሉን በቆርቆሮ አስቀረጸው። ቆርቆሮውን ሰሌዳው ላይ ገጥሞ ቀለም ይነፋበታል፣ አለቀ። ሰዉ "ሠለጠነ" አለው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ይህን ማንም አያውቅም። ቤቱ እንኳ ብርጭቆ የሚያነሣው በሁለት እጁ ነው።

አንድ ልጁ ለሰው ስትሰፋ ኖራ ዘንድሮ በዋናው መንገድ ላይ የራሷን ልብስ ስፌት ከፈተች።

"ስሙን ማን አልሽው?"

"ተስፋ።"

"ወይ ልጄ! አንቺም?"

"እኔም። ምን አለበት?"

በማግስቱ ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ መጣ። ልጁ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

"አባዬ፣ ለሬሳ ሣጥን ሻጩ የነፋኸውን ለእኔም ልትነፋ? በእጅህ ጻፍልኝ እንጂ!"

"ደክሞኛል።"

"ለእኔ ሲሆን ነው የሚደክምህ?"

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ደንበኞቹ ሁሉ የሚያልፉት በዚህ መንገድ ነው፤ አንድ ጠማማ ፊደል ካዩ ነገ ማን ያሠራዋል? ሌላ ሥራ አያውቅ። ብሩሹን አንሥቶ እጁን ዘረጋላት።

"እዪው።"

አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"በቃ፣ በቆርቆሮው ይሁን" አለች ቀስ ብላ።

ከቁጣዋ ይልቅ ማዘኗ አደከመው። ቆርቆሮውን ትቶ መሰላሉን አቆመና ወጣ። "ተ" ወደ ጎን ዘመመ፣ "ስ" ወገቡ ተሰበረ፣ "ፋ" እንደምንም ቆመ። ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ሲያየው ፊደል ያልለየ ልጅ የሞነጫጨረው መሰለው። አፈረ።

"ስምህስ? ሁልጊዜ ጥጉ ላይ ትጽፍ የለ?" አለችው።

"እዚህኛው ላይ ይቅር።"

"እሺ" አለችና መሰላሉን ልታነሣ ሄደች።

"ተዪው፤ ይልቅ ያዢልኝ" አላት። ተመልሶ ወጣና ስሙን መጻፍ ጀመረ። ጎሚስታው ሲያልፍ አንጋጦ ሰሌዳውን አየና ሣቀ።

"ጋሼ፣ ይቺን ደግሞ የትኛው ሰካራም ነው የጻፋት? ልታስተካክላት ነው?"

"እኔ ነኝ የጻፍኳት" አለ ሰሌዳ ጻፊው፣ ብሩሹን ከሰሌዳው ሳያነሣ። "እጄ አልታዘዝም ብሎኛል።"