የላይኛው ጠረጴዛ

ሄስተር ጋዘርኮል የመጨረሻውን ወንበር ስታስጠጋ አጎቷ አምብሮስ በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«ያቺን ልጅ ማነው ከላይ ያስቀመጣት?»

ጋዘርኮሎች ስንዴው ከታጨደ በኋላ በሰበካው አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ቢቆጠሩ አንድ አውቶቡስ አይሞሉም፤ ንትርካቸው ግን ባቡር ያቆማል። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ስሙን በደም የወረሰ ከላይኛው ጠረጴዛ፣ ሌላው ከበሩ አጠገብ። የሄስተር ባል ክላይቭ ሠላሳ አንድ ዓመት ሻዩን የጠጣው ነፋስ እየመታው ነው።

«ኖሪንን ነው? የእኛው ሮጀር ያሳደጋት ልጅ እኮ ናት። ከቀበረችው ገና አራት ወሯ ነው።»

«አሳደጋት እንጂ አልወለዳትም። ትውረድ። አለዚያ እኔው ሰው ሁሉ እየሰማ እነግራታለሁ።»

ሄስተር በረጅሙ ተነፈሰች። ቄሱ ጠዋት ከአሮጌው የጥምቀት መዝገብ ገልብጠው የሰጧት ወረቀት ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው የዘር ሐረግ ብላ የጠየቀችው እሷው ናት፤ ማን ፈልጊ አላት? ወረቀቱ እንደሚለው የአምብሮስ አባት፣ የእሷም አያት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በቅርጫት ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ነበር። ስሙን የሰጠው አንሥቶ ያሳደገው ጋዘርኮል የሚባል ቦይ ጠራጊ ነው።

ወረቀቱን ብታወጣው እኚህ ሰው ዳግመኛ አፋቸውን አይከፍቱም። ግን ሰማንያ አራት ዓመት የተደገፉትን ምሰሶ በአንድ ከሰዓት ማን ይነቅላል? «ጌታ ሆይ፣ አንደበቴን ያዝልኝ» አለች በሆዷ። እጇ ግን ኪሷ ገባ።

ኖሪን ሰምታ ኖሮ ፊቷ ቀልቶ ሳህኗን አንሥታለች።

«ቁጭ በይ» አለቻት ሄስተር። ከዚያ ከአጎቷ ቀኝ ያለውን የራሷን ወንበር በጀርባው ይዛ፣ እየጎተተች፣ አዳራሹን አቋርጣ ከበሩ አጠገብ ተከለችው። «ሰው ይውረድ ካሉ እኔ ወረድኩ።»

«አባረሩሽ እንዴ?» አላት ክላይቭ።

«ሻይ ቅዳልኝ። ይህን ብርድህን እስቲ ልቅመሰው።»

«ሄስተር!» አሉ አምብሮስ። ድምፃቸው ድንገት አረጀባት። «ቦታሽ እዚህ ነው። አንቺ እኮ ደሜ ነሽ።»

ሄስተር የታጠፈውን ወረቀት ኪሷ ውስጥ እንዳለ ጨብጣ ክላይቭን በክርኗ ገፋ አደረገችው። እሱም ፈቀቅ አለ።

«እዚህም ቦታ አለ፣ አጎቴ። ይምጡ።»

ሽማግሌው በቀኛቸው የቀረውን ባዶ ቦታ አዩ፤ ኖሪንን አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን አነሡ። ወለሉን ሊመቱበት ይሁን ሊራመዱበት፣ ገና አልለየም።